«ባይ»ን ያለ ስህተት ለመጠቀም፦ ደረጃ በደረጃ

አለቃችሁ «ፊኒሽ ኢት ባይ ፍራይደይ» ቢላችሁ ሥራውን መቼ ነው የምታስረክቡት? ዓርብ ማታ ነው? ሐሙስ ብታስረክቡስ ችግር አለው? ወይስ እስከ ዓርብ ድረስ እየሠራችሁ መቆየት ነው የሚጠበቅባችሁ? መልሱን ለመናገር ትንሽ ካመነታችሁ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው።

«ባይ» በእንግሊዝኛ በብዛት ከሚሠራባቸው መስተዋድዶች አንዷ ናት። ሁለት ፊደል ብቻ ናት። ግን ቀጠሮ ውስጥ አለች፣ የደመወዝ ደብዳቤ ውስጥ አለች፣ የሥራ ማስታወቂያ ውስጥ አለች። እሷን በትክክል መያዝ ብዙ ነገር ያቀላል።

የጻፍኩት በተለይ በአዲስ አበባ ዳር ዳር ለምንኖረው ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን፣ አያት፣ ለገጣፎ ላለነው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከውጭ አገር ሱፐርቫይዘር ጋር የሚውል ሰው አለ። ቂሊንጦ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አለ። ማታ ማታ የልጁን የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ የሚያግዝ ወላጅም አለ። ምሳሌዎቹን ከዚሁ ከምንውልበት ሕይወት ወስጃለሁ። እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል የጻፍኩት ጮክ ብላችሁ እንድታነቡት ነው። በልብ ብቻ የተነበበ እንግሊዝኛ አፍ ላይ አይመጣም።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ «በ»ን ጠይቁ

ችግሩ የሚጀምረው ከእኛዋ «በ» ነው። አማርኛ በአንዷ «በ» ብዙ ሥራ ያሠራል። «በታክሲ መጣሁ»፣ «በቢላ ቆረጥኩ»፣ «በጠዋት ተነሳሁ»፣ «በአማርኛ ጻፍኩ»፣ «በበሩ ገባሁ»፣ «በመምህሩ ተጻፈ» እንላለን። ስድስቱም «በ» ናቸው። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። በታክሲ «ባይ ታክሲ» ነው። በቢላ «ዊዝ ኤ ናይፍ» ነው። በጠዋት «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው። በአማርኛ «ኢን አማሪክ» ነው። በበሩ «ስሩ ዘ ዶር» ነው። በመምህሩ «ባይ ዘ ቲቸር» ነው። ከስድስቱ ባይ የሆኑት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ «በ» አፋችሁ ላይ ስትመጣ ወዲያው ወደ ባይ አትሩጡ። አንድ ጥያቄ ጠይቋት፤ ምን እየሠራሽ ነው? መልሱ ከሚከተሉት አንዱ ከሆነ ባይ ትገባለች።

በማን ተደረገ?
በምን ዓይነት መጓጓዣ?
ምን በማድረግ?
በስንት ጨመረ፣ በስንት ቀነሰ፣ በስንት በለጠ?
በምን እየተሰፈረ፣ በምን እየተቆጠረ?

ከ«በ» ውጭም ሁለት በሮች አሏት። አንዱ «እስከ መቼ» ነው። ሌላው «የማን አጠገብ» ነው። መልሱ ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ከሆነ፣ ለምሳሌ መሣሪያ ወይም ቋንቋ ወይም የቀኑ ክፍል ከሆነ፣ ባይን ተዉአት።

አጻጻፏንም አሁኑኑ እንጨርሰው። ባይ የምትጻፈው በቢ እና በዋይ ነው። በድምፅ ከእሷ የማይለዩ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው «መግዛት» ማለት ነው፤ ቢ፣ ዩ፣ ዋይ ተብሎ ይጻፋል። ሁለተኛው ስንሰነባበት የምንለው «ባይ» ነው፤ ቢ፣ ዋይ፣ ኢ ተብሎ ይጻፋል። ስትናገሩ ልዩነት የለም። በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ፤ የፊደል ማረሚያው ሦስቱንም ትክክለኛ ቃል አድርጎ ስለሚያያቸው ላያርማችሁ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የቀጠሮዋን ባይ ከ«አንቲል» ለዩ

በእኔ እምነት ቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ባይን የተዋወቅነው በተደራጊ ግስ ነው፤ «ዘ ሌተር ዋዝ ሪትን ባይ አበበ» እያልን። ሥራ ቦታ ሰውን ከሰው የምታጣላው ግን የቀጠሮዋ ባይ ናት።

ባይ ከጊዜ ጋር ስትመጣ ትርጉሟ «ከዚያ ሳያልፍ» ነው። «ባይ ፍራይደይ» ማለት ዓርብ የመጨረሻው ነው። ረቡዕ ብታስረክቡ መልካም ነው። ሐሙስም መልካም ነው። ዓርብም ያስኬዳል። ቅዳሜ አልፏል። «አንቲል» ደግሞ ሌላ ነው። ድርጊቱ እስከዚያ ድረስ ይቀጥላል፤ ከዚያ ይቆማል።

አማርኛ ሁለቱንም «እስከ» ይላቸዋል። «እስከ 12 ሰዓት እሠራለሁ» እንላለን። «እስከ 12 ሰዓት እጨርሳለሁ» እንላለን። እንግሊዝኛው ይለያያል።

«አይ ዊል ወርክ አንቲል ሲክስ።» እስከ 12 ሰዓት እሠራለሁ።
«አይ ዊል ፊኒሽ ባይ ሲክስ።» እስከ 12 ሰዓት እጨርሳለሁ።

የትኛው እንደሚገባ ለማወቅ ግሱን «እየ... እቆያለሁ» በሚለው ቅርጽ ውስጥ አስገቡት። «እየሠራሁ እቆያለሁ» ያስኬዳል፤ ስለዚህ አንቲል። «እየጠበቅኩ እቆያለሁ» ያስኬዳል፤ አንቲል። «እየጨረስኩ እቆያለሁ» ጆሮ ይሻክራል፤ ስለዚህ ባይ። «እያስረከብኩ እቆያለሁ» አያስኬድም፤ ባይ። ለማታ ተማሪዎች ሁሉ ቀድሜ የምሰጠው ይህን መፈተኛ ነው፤ ሕጉ ቢረሳም መፈተኛው አይረሳም።

አንድ ቢሮ በር ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። «ዘ ኦፊስ ኢዝ ኦፕን አንቲል ፋይቭ» ማለት ቢሮው እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው። «ሰብሚት ዘ ፎርም ባይ ፋይቭ» ማለት ቅጹን ከ11 ሰዓት ሳያልፍ አስገቡ። ክፍት መሆን ይቆያል። ማስገባት አንዴ ነው።

አፍራሽ ሲሆን ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል። «አይ ዎንት ካም አንቲል ፍራይደይ» ማለት ከዓርብ በፊት አልመጣም፤ የምመጣው ዓርብ ነው። «አይ ዎንት ፊኒሽ ባይ ፍራይደይ» ማለት ደግሞ ዓርብ ቢደርስም ሥራው አያልቅም። የመጀመሪያው መምጣቴን ይናገራል። ሁለተኛው መዘግየቴን ይናገራል። አሠሪያችሁ ፊት ከመቆማችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን ደጋግማችሁ በሏቸው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። እኛ ከንጋት ነው የምንቆጥረው፤ እነሱ ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን። ስለዚህ «ባይ ናይን» ሲባል ጠዋት ከሆነ ከ3 ሰዓት ሳያልፍ ማለት ነው። «ባይ ስሪ ኢን ዘ አፍተርኑን» ከ9 ሰዓት ሳያልፍ ነው። ከእንግሊዝኛው ሰዓት 6 ቀንሱ፤ ቁጥሩ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን 6 ጨምሩ። ቀጠሮ ስትቀበሉ መልሳችሁ ጠይቁ፦ «ናይን ኢን ዘ ሞርኒንግ፣ ፎሬን ታይም?» ማንም አይቀየማችሁም። ቀኑም እንዲሁ ነው። «ባይ ሰፕቴምበር 11» ከተባለ በአብዛኛው ዓመት ከመስከረም 1 ሳያልፍ ማለት ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ግን የእኛ አዲስ ዓመት ሰፕቴምበር 12 ላይ ይውላል።

አንድ ወጥመድ ቀርቷል። ባይ የምትፈልገው የቀን ወይም የሰዓት ነጥብ ነው፤ ርዝመት አይደለም። «በሦስት ቀን ውስጥ እጨርሳለሁ» ለማለት «ባይ ስሪ ደይስ» አይባልም። «ኢን ስሪ ደይስ» ወይም «ዊዚን ስሪ ደይስ» ነው። ዛሬ ሰኞ ከሆነና ባይ ማለት ካማራችሁ ሦስተኛውን ቀን ስሙን ጥሩት፦ «ባይ ተርስደይ»።

ከዚሁ ቤተሰብ ሁለት አገላለጾችን ያዙ። «ባይ ናው» ማለት እስካሁን ማለት ነው፤ «ዘይ ሹድ ቢ ሆም ባይ ናው» ሲባል እስካሁን ቤት ሳይደርሱ አይቀሩም ማለት ነው። «ባይ ዘ ታይም» ደግሞ «... ስደርስ ቀድሞ...» የምንለውን ይሸፍናል። «ባይ ዘ ታይም አይ አራይቭድ፣ ዘ ባስ ሃድ ሌፍት።» እኔ ስደርስ አውቶቡሱ ሄዶ ነበር። እዚህ «ሃድ»ን አትዝለሉ፤ የቀደመው ድርጊት የቱ እንደሆነ የምትነግረው እሷ ናት።

ደረጃ 3፦ መጓጓዣውን ራቁቱን ተዉት

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። በምን እንደመጣችሁ ስትናገሩ ባይ ብላችሁ የመጓጓዣውን ስም ብቻ ጥሩ። «ባይ ባስ»፣ «ባይ ታክሲ»፣ «ባይ ባጃጅ»። ከአያት ወይም ከቃሊቲ በቀላል ባቡር ከሆነ «ባይ ትሬን»። በጋሪ ከሆነ «ባይ ሆርስ ካርት»። በመካከል «ዘ» የለም፣ «ኤ» የለም፣ «ማይ» የለም።

ከሦስቱ አንዱ ከገባ ባይ ትወጣለች። «ባይ ማይ ካር» አይባልም፤ «ኢን ማይ ካር» ነው። «ባይ ዘ ባስ» አይባልም፤ «ኦን ዘ ባስ» ነው። ኢን ወይስ ኦን ለሚለው፣ ቆማችሁ የምትንቀሳቀሱበት ከሆነ ኦን ይመጣል፤ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን። አጎንብሳችሁ ገብታችሁ የምትቀመጡበት ከሆነ ኢን ይመጣል፤ የቤት መኪና፣ ላዳ፣ ባጃጅ። ሚኒባስም ከኢን ወገን ብትሆን ይሻላል።

በእግር ከሆነ «ኦን ፉት» በሉ። «ባይ ፉት» የሚሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አሉ፤ ፈተና ላይ ግን የሚጠበቀው ኦን ፉት ነው።

ከውጭ ለመጣ ሰው ስታስረዱ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ ታክሲ የምንለው ባለ ረዳቱን ሚኒባስ ነው። እሱ ታክሲ ሲሰማ የሚያስበው ለብቻው የሚከራየውን መኪና ነው። «ካም ባይ ታክሲ ፍሮም መገናኛ» ብትሉት ብዙ ብር ሊያወጣ ይችላል። «ባይ ሚኒባስ» በሉት።

ደረጃ 4፦ ሰውን፣ መሣሪያንና ዘዴን ለዩ

አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ያስተምራል። ደጋግማችሁ በሉት።

«ዘ ጌት ዋዝ ኦፕንድ ባይ ዘ ጋርድ ዊዝ ኤ ኪ።»

በሩ በጥበቃው በቁልፍ ተከፈተ። አማርኛው ሁለት «በ» አለው። እንግሊዝኛው ለአድራጊው ባይ፣ ለእጁ መሣሪያ ዊዝ ሰጠ። በሩን የከፈተው ጥበቃው ነው፤ ቁልፉ ብቻውን አይከፍትም። በቢላ፣ በመዶሻ፣ በእስክሪብቶ፣ በማንኪያ ስትሉ ሁሌም ዊዝ ይምጣላችሁ። በእጅ ግን «ባይ ሃንድ» ነው፤ ያለ ማሽን ማለት ስለሆነ። «አይ ወሽ ማይ ክሎዝስ ባይ ሃንድ» ልብሴን በእጄ ነው የማጥበው።

አድራጊው የግድ ሰው አይሁን። ጎርፍም፣ ንፋስም፣ ድርጅትም ባይ ይወስዳሉ። ክረምት ላይ የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ሲበላሽ «ዘ ሮድ ዋዝ ዳሜጅድ ባይ ፍለድ» እንላለን። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ የሚደርሰው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ለትራፊክ የተከፈተው የክፍያ መንገድ በቻይና ኩባንያ ነው የተሠራው፦ «ዘ ኤክስፕረስወይ ዋዝ ቢልት ባይ ኤ ቻይኒዝ ካምፓኒ።» ባይ አድራጊውን ትይዛለች፤ ዓመቱ ሲጨመር ደግሞ ኢን ይይዘዋል። «አዲስ አበባ ዋዝ ፋውንድድ ባይ ሜኔሊክ ዘ ሰከንድ ኤንድ ኤምፕረስ ጣይቱ ኢን 1886» ስትሉ ሁለቱም በየቦታቸው ናቸው።

አድራጊውን መናገር ካላስፈለገ ባይን ከነሰውየው ጣሏት። «ማይ ፎን ዋዝ ስቶለን» ይበቃል። «ባይ ኤ ቲፍ» ብሎ መጨመር ምንም አዲስ ነገር አይነግርም፤ የሚሰርቅ ሌባ ነውና። ተማሪዎች ባይ ያልገባችበት የተደራጊ ግስ ጎደሎ ይመስላቸዋል። ጎደሎ አይደለም። ማን እንዳደረገው የማይታወቅ ወይም የማያስፈልግ ሲሆን ነው ይህ ቅርጽ የሚያምረው።

ዘዴ ላይ ደግሞ አማርኛ ራሱ ያግዘናል። «በማዳመጥ ተማርኩ»፣ «በመቆጠብ ገዛሁት»፣ «በመጠየቅ አገኘሁት»። ይህ «በመ...» ያለው ቅርጽ በእንግሊዝኛ ባይ ሆኖ ግሱ «ኢንግ» ይጨመርበታል። «አይ ለርንድ ኢንግሊሽ ባይ ሊስኒንግ።» «ሺ ፋውንድ ዘ ሃውስ ባይ አስኪንግ።» ከ«በመ» ወደ «ባይ ... ኢንግ» በቀጥታ መሻገር ይቻላል፤ ይህን ያህል የሚገጥም ቦታ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ብዙ አይገኝም። «ባይ ሊስን» ወይም «ባይ ቱ ሊስን» ግን አትበሉ።

ክፍያና መልእክት ዘዴ ናቸው። «ባይ ካርድ»፣ «ባይ ባንክ ትራንስፈር»፣ «ባይ ኢሜይል»፣ «ባይ ፎን»። በጥሬ ገንዘብ ግን «ኢን ካሽ» ነው። ስልክ ላይም ትንሽ ልዩነት አለ። «ዊ ቶክድ ባይ ፎን» በስልክ ተነጋገርን ነው። «ሺ ኢዝ ኦን ዘ ፎን» አሁን ስልክ እያወራች ነው። ቋንቋ መቼም ባይ አይወስድም፤ «ኢን ኢንግሊሽ» ብቻ።

ደረጃ 5፦ ቁጥር ሲመጣ ባይ ከ«ቱ» ጋር እንዳትምታታ

ይህኛው ደግሞ ኪስ የሚነካው ነው። ኪራያችሁ 8 ሺህ ብር ነበር እንበል። አከራዩ በእንግሊዝኛ ውል ጽፎ አመጣ። «ዘ ሬንት ዊል ጎ አፕ ባይ ቱ ታውዘንድ ቢር» ካለ 2 ሺህ ይጨመራል፤ አዲሱ ኪራይ 10 ሺህ ነው። «ዘ ሬንት ዊል ጎ አፕ ቱ ቴን ታውዘንድ ቢር» ካለም መድረሻው ያው 10 ሺህ ነው። ባይ ልዩነቱን ትናገራለች። ቱ (ቁጥሩ «ሁለት» ሳይሆን «ወደ» የሚለው) መድረሻውን ይናገራል። «ባይ ቴን ታውዘንድ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ኪራዩ 18 ሺህ ሆነ ማለት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ይህችን ቃል ጣታችሁን አስቀምጣችሁ አንብቧት።

አማርኛውን ያዙ፤ «በ2 ሺህ ጨመረ» ባይ ነው፣ «ወደ 10 ሺህ አደገ» ቱ ነው። የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ፣ የቅናሽ ማስታወቂያ፣ የፋብሪካ የምርት ሪፖርት ሁሉም በዚሁ ይነበባሉ። በመቶኛም ቢሆን ሕጉ አይለወጥም፤ «ባይ ቴን ፐርሰንት»።

በውድድር ውስጥ ባይ «በስንት በለጠው» የሚለውን ትመልሳለች። ይህን ለመለማመድ ከሩጫችን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን ያሸነፈው በ25 ሰከንድ ያህል ነው፦ «ሂ ወን ባይ አባውት 25 ሰከንድስ።» በ1964 ቶኪዮ ላይ ልዩነቱን ከ4 ደቂቃ በላይ አደረሰው፦ «ሂ ወን ባይ ሞር ዛን ፎር ሚኒትስ።» ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ በ2000 ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። «ኃይሌ ቢት ቴርጋት ባይ 0.09 ሰከንድስ።» ልጅ የምታስተምሩ ከሆነ ከእነዚህ ጀምሩ። ስሙን ያውቃል፣ ታሪኩን ይወዳል፣ ባይም አብራ ትገባለታለች።

ሌላው የቁጥር ሥራዋ መስፈር ነው። ቲማቲም በኪሎ ይሸጣል፦ «ቶማቶስ አር ሶልድ ባይ ዘ ኪሎ።» የቀን ሠራተኛ በቀን ይከፈለዋል፦ «ሂ ኢዝ ፔይድ ባይ ዘ ደይ።» ልብ በሉ፤ እዚህ «ዘ» ተመለሰች። በመጓጓዣ ከለከልናት፣ በመስፈሪያ ግን ግድ ሆነች። ዋጋው በቁጥር ከተጠራ ደግሞ ባይ ቦታዋን ትለቃለች። «አንዱ ኪሎ 80 ብር» ለማለት «80 ቢር ፐር ኪሎ» ወይም «80 ቢር ኤ ኪሎ» ነው፤ «80 ቢር ባይ ኪሎ» አይባልም።

ስፋት ስትለኩ አታስቡ። አራት በአምስት «ፎር ባይ ፋይቭ» ነው። እዚህ አማርኛና እንግሊዝኛ ተስማምተዋል።

ደረጃ 6፦ «አጠገብ» ሲሆን

የባይ ጥንተ ትርጉም ይህ ነው። በድሮው እንግሊዝኛ «አጠገብ» ማለት ነበረች። ጀርመኖችም እስከዛሬ በድምፅ የምትመሳሰላት ዘመድ ቃል አለቻቸው፤ እሷም «አጠገብ» ለማለት ታገለግላለች።

«ዘ ካፌ ባይ ዘ ቶል ጌት» የክፍያ ጣቢያው ጥግ ያለው ካፌ ነው። «ኒር» ትንሽ ራቅ ሊል ይችላል። ባይ ግን ጎኑ ነው። ኮዬ ፈጬ ቱሉ ዲምቱ አቅራቢያ ነው ለማለት ኒር በሉ፤ ሱቁ ከብሎካችን ጎን ነው ለማለት ባይ በሉ። «ሲት ባይ ሚ» አጠገቤ ተቀመጥ ነው። ከእንቅስቃሴ ግስ ጋር ስትመጣ አልፎ መሄድ ትሆናለች፦ «ዘ ባስ ዌንት ባይ» አውቶቡሱ አልፎን ሄደ። «ስቶፕ ባይ» ጎራ ማለት ነው። አክስታችሁን «እትዬ፣ ማታ ጎራ እላለሁ» እንደምትሉት ለሥራ ባልደረባችሁም «አይ ዊል ስቶፕ ባይ ዚስ ኢቭኒንግ» ማለት ትችላላችሁ።

ደረጃ 7፦ ሳትፈቷቸው የምትይዟቸው

እነዚህን እንዳሉ ያዟቸው። በስህተት «ባይ ሚስቴክ»። በአጋጣሚ «ባይ ቻንስ»። በቃል «ባይ ሃርት»። በሕግ «ባይ ሎው»። በነገራችን ላይ «ባይ ዘ ወይ»።

«ባይ ማይሰልፍ» ሁለት ትርጉም አላት። «አይ ሊቭ ባይ ማይሰልፍ» ብቻዬን ነው የምኖረው። «አይ ፊክስድ ኢት ባይ ማይሰልፍ» ያለ ማንም እርዳታ ጠገንኩት። የትኛው እንደሆነ ግሱ ይነግራችኋል።

አንድ በአንድ «ዋን ባይ ዋን»፣ ደረጃ በደረጃ «ስቴፕ ባይ ስቴፕ»፣ ቀስ በቀስ «ሊትል ባይ ሊትል» ነው። እነዚህ ከአማርኛው ጋር ይገጥማሉ። «ቀን በቀን» ግን ታስታለች። እኛ ቀን በቀን ስንል ብዙ ጊዜ «በየቀኑ» ማለታችን ነው። «ደይ ባይ ደይ» ግን ከቀን ወደ ቀን እየተለወጠ ማለት ነው። «ሂ ኢዝ ጌቲንግ ቤተር ደይ ባይ ደይ» ታማሚው ከቀን ወደ ቀን እየተሻለው ነው። በየቀኑ ታክሲ እጠቀማለሁ ለማለት «ኤቭሪ ደይ» በሉ።

ደረጃ 8፦ ራሳችሁን ፈትኑ

ወረቀት አውጡና የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። መልሱን ሳታዩ ጻፉ፤ ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ሀ. እስከ ሰኞ እጠብቅሻለሁ።
ለ. እስከ ሰኞ አስረክባለሁ።
ሐ. በጓደኛዬ መኪና መጣሁ።
መ. ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈችው።
ሠ. ደመወዜ በ1 ሺህ ብር ጨመረ።
ረ. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሳያልፍ በሩ ላይ ሁኑ።

መልሶቹ እነሆ። ሀ «አይ ዊል ዌይት ፎር ዩ አንቲል ማንደይ» ነው፤ እየጠበቅኩ መቆየት ይቻላልና። ለ «አይ ዊል ሃንድ ኢት ኦቨር ባይ ማንደይ» ነው። ሐ ላይ «የጓደኛዬ» ስለገባ ባይ ወጣች፤ «አይ ኬም ኢን ማይ ፍሬንድስ ካር»። መ ላይ ሁለት «በ» አለ፤ አንዱም ባይ አይደለም፦ «ሺ ሮት ዘ ሌተር ኢን ኢንግሊሽ ዊዝ ኤ ብሉ ፔን»። ሠ «ማይ ሳላሪ ዌንት አፕ ባይ ዋን ታውዘንድ ቢር» ነው፤ ቱ ካላችሁ ደመወዛችሁ በጠቅላላው 1 ሺህ ብር ሆነ ማለት ነው። ረ «ቢ አት ዘ ጌት ባይ ኤይት ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው። «ባይ ቱ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰዓቱን መቀየር ረስታችኋል፤ ደረጃ 2ን አንዴ ድገሙት።